የሚቀናብኝ ጠፋ

ቅናት እንኳ ረከሰ፣ ወገኖቼ። የሌላውን መውረድስ ለምደነዋል፤ ቅቤው መዓዛ አጥቷል፣ ጠላው ቀጥኗል፣ የልጆቹ ስም ሳይቀር አጥሮ ሁለት ፊደል ሆኗል። ቅናት ይበላሻል ብሎ የጠበቀ ሰው ግን ነበረ? በእኛ ጊዜ በዳባትና በደባርቅ መካከል አንድ ሰው ጃንጥላ ቢገዛ ሦስት መንደር እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ያውም በወግ በማዕርግ ነበር የሚቀናው። ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ቡናህን እስከ በረካው ጠጥቶ፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ መርቆህ፣ ከአጥርህ ከወጣ በኋላ ነበር ሐሜቱን የሚጀምረው። ዛሬ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኳትን መኪና ገዝቼ፣ በርኖሴን ደርቤ፣ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ የደባርቅን ዋና መንገድ ስወርድ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። አገሩ በሙሉ አቀርቅሮ ስልኩን ይደባብሳል።

መኪናዋ ቮልስ ናት። የ1961 ሞዴል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ አሁን ምን እንደሆነ ለመናገር ጥሩ ፀሐይ ያስፈልጋል። የወንድሜ ልጅ፣ ያ ባጃጅ ነጂው፣ ሲያያት ቆየና «ጋሼ፣ ስፖርት መኪና ገዛሁ ሲሉኝ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር» አለኝ። ምን መስሎት ኖሯል? እነዚያ ሆዳቸው መሬት የሚልሰው ፌራሪዎች? እስቲ ፌራሪ ደባርቅ አምጡልኝና ከመናኸሪያው ተነሥቶ የገበያውን ኮረኮንች ሆዱ ሳይፋቅ ካለፈ ጢሜን ላጩኝ! ስፖርት መኪና ማለት ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን፣ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን በጭቃ የሚያካልለውን ውድድር በ1946 ዓ.ም. ያሸነፈችው ማን ናት? ቮልስ። በ1949ስ? ቮልስ። በ1954ስ? እሷው። የነደፋትስ ማን ነው? ፈርዲናንድ ፖርሽ። ፖርሽ እያላችሁ አፋችሁን የምትከፍቱለት መኪና፣ የመጀመሪያው 356 የተባለው፣ በ1940 ዓ.ም. ሲሠራ የቮልስን ዕቃ ለቃቅመው ነው የሠሩት። እንግዲህ ፖርሽ የቮልስ ልጅ ነው። ልጁ ስፖርተኛ ከተባለ እናቲቱ ምን ልትባል ነው?

ይህን ስነግረው ልጁ ስልኩን አወጣና ፈትሾ «እውነትም» አለ። እዩልኝ እንግዲህ! የሽማግሌ ቃል በስልክ ይጣራ ጀመር። ለነገሩ እኔም ያነበብኩት ከእሱው ስልክ ላይ ነው፤ እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ፣ ቁጭ ብዬ፣ በሥርዓት ነው ያነበብኩት።

ነገሩ የጀመረው ልጅ ሆኜ ዳባት ሳለሁ ነው። ከጎንደር ይመላለስ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቮልስ ነበረው። መንገዱ ያኔ ጣሊያን ትቶት የሄደው የጠጠር መንገድ ነው፤ አስፋልት የሚባል ጥቁር ጣጣ ገና አልመጣም። አቧራው ነዋ! እንዲያ ያለ አቧራ ዛሬ የት ይገኛል? ደቃቅ፣ ንጹሕ፣ ለሳንባ የሚስማማ። ቮልሷ በወገራ ሜዳ ብቅ ስትል ድምጧ ገብስ በምጣድ ላይ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ነበር፤ አስተማሪያችን ጠመኔውን አስቀምጦ ከእኛ ቀድሞ ይወጣል። ሐኪሙ የፊት ኮፋኖዋን ሲከፍት ሞተር የለም! ሻንጣና የመድኃኒት ሣጥን ነው የተቀመጠው። የደብሩ ቄስ አማተቡ። ያን ቀን «ይቺን ሳልይዝ አልሞትም» ብዬ ተሳልኩ፤ አባቴም ሰምተው በኩርኩም አሉኝ። አያችሁ፣ ያኔ ሰው መስገብገብ አያውቅም ነበር። የተሰጠውን ይዞ፣ ያልተሰጠውን ሳይመኝ ነበር የሚኖረው። እኔ ራሴ ያችን መኪና ዕድሜ ልኬን ስመኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ከባለቤቴ፣ ከነፍስ አባቴ፣ ከዕድርተኛውና ከገበያተኛው በቀር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተወሰዱበት መኪና ቮልስ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። አገሩ ሁሉ እኩሌታው ሲያለቅስ እኩሌታው ሲዘፍን እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ናት፤ ከኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት፤ ያን ወንበር ማጠፍ ደግሞ ብልሃት ይጠይቃል። በትክክል አጥፈውላቸው ይሆን? ሰዉ «ለንጉሠ ነገሥት አነሰች» እያለ ቅር ሲለው፣ እኔ ደግሞ በሆዴ «የታደለች መኪና» አልኩ። የዛሬ ሹም እንኳን ሊወርድ፣ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ መስታወታቸው የጠቆረ አምስት መኪናዎች ይከተሉታል።

መግዛቱስ? ድሮ መኪና መግዛት የሚፈልግ ሰው ባለቤቱን ያውቀዋል፣ የባለቤቱን አባት ያውቃል፣ መኪናዋ የት እንደተገለበጠች ያውቃል። ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌው ይሰደባል፣ ሁለተኛ ይላካል። አሁን ደላላው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ፊቱን አታየው፣ እጁን አትመታው፣ አትምልበት። ወራዳ ነገር ነው። የወንድሜ ልጅ እዚያው ላይ ባያገኛት ኖሮ እስከ ዛሬም አላገኛትም ነበር። አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ኖራለች፤ ከኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

ገንዘቡን የላከችው ልጄ ናት፣ ከአሜሪካ። በእርግጥ የላከችው ለጉልበቴ ሕክምና ነው። እኔም አሰብኩበት። ጉልበት ለምንድን ነው? ለመራመድ። መኪና ያለው ሰው ምን ይራመዳል? ስለዚህ ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ ውሏል። ፍሪሲዮኗ ትንሽ ስለሚከብድ ግራ ጉልበቴ ከድሮው ብሷል፤ ይህ ግን ብርዱ ነው።

ስም ለማዛወር የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም፤ ጸሐፊዋ የሻንሲ ቁጥር አምጡ አለችኝ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የት ነው? ከኋላ ወንበሩ ሥር። ከኋላ ወንበሩ ላይ ማን አለች? ዶሮዋ። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ዶሮዋ በሽያጩ ውስጥ አልተካተተችም ብሎ ክርክር ገጠመኝ። በጃንሆይ ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ ወረቀት የለም፤ ዳኛ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይፈርዳል፣ አሥር ዓመት ትመላለሳለህ፣ ያልቃል።

መኪናዋን ይዤ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ከደጅ ቆማ አየችንና አንድ ቃል ሳትናገር ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለኛለች። «አንቱ ሰውዬ፣ ለእኔ እኮ ቡልኮ ከገዙልኝ ቆየ፤ እሷ በሸራ ላይ ሸራ ደረበች» ትላለች። ሴቱም ተለውጧል። ድሮ ሚስት እንዲህ አትናገርም ነበር፤ እናቴ ለምሳሌ ምንም አትናገርም፣ ዝም ብላ በምጣድ ማሰሻ ነበር አባቴን የምትመታው።

አሁን ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስለመጣንበት ጉዞ ላውራችሁ፤ ዘመኑ ምን ያህል እንደተበላሸ ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም። ቮልሷ ሠላሳ አራት የፈረስ ጉልበት አላት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ምን ያስቃል? በድሮ ጊዜ በስሜን ምድር ሠላሳ አራት ፈረስ በደጁ የሚያስር ሰው ማን ነበር? ደጃዝማች ውቤ ካልሆኑ በቀር! ከፍታው ጉልበት እንደሚበላ አልክድም፤ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። እንግዲህ ስንደርስ አሥር ያህል ፈረስ በመንገድ ቀርቶብናል ማለት ነው። በቀሩት ሃያ አራቱም ቢሆን ሰው ባላምባራስ ይባላል። ደጃዝማች ውቤን ካነሣሁ አይቀር፣ እሳቸው ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል፤ በየካቲት 1847 ግን የነገሡባት ካሣ ኃይሉ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሆነው። የዕድሜ ልክ ምኞትን ሌላ ሰው ሲወስደው ማየት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በዚህ በኩል እኔ ከደጃዝማች ውቤ እሻላለሁ።

መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም፣ ሩጫ ብቻ ነው። ሲኖትራኩ ያልፈኛል፣ ሚኒባሱ ያልፈኛል፣ አንድ ባጃጅ ሦስት በግ ጭኖ አለፈኝ፤ አንዱ በግ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነበር። ወዴት ነው እንዲህ የሚጣደፉት? ደባርቅ የትም አትሄድ! ድሮ ከዳባት ደባርቅ በኤንትሬ ጭነት ላይ ተቀምጠን ስንጓዝ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር፤ በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ዕርቅ ይወርዳል፣ ጋብቻ ይታጫል፣ በሬ ይሸጣል። አሁን ሰው ሳይተዋወቅ ተሳፍሮ ሳይተዋወቅ ይወርዳል። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ደግሞ አንድ ባለጋሪ መሐል መንገዱን ይዞ ሲያዘግም ደረስኩበት። ክላክሱን እስኪሰነጠቅ ነፋሁበት። ሰው እንዴት ከዘመኑ ጋር አይፈጥንም?

ነዳጅ መቅዳትም መከራ ሆኗል። የእኔዋ የነዳጅ መለኪያ የላትም፤ መለኪያ የገባው ከእሷ በኋላ በመጡት ላይ ነው፣ ሰው መቅበጥ ሲጀምር። ከእግር አጠገብ አንዲት ትንሽ መዘውር አለች፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ታዞራታለህ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው አምስት ሊትር ያህል ይመጣል። ያ ሲያልቅም ያልቃል። በቃ፣ ግልጽ ነገር ነው። የዛሬ መኪና ቀበቶ እሰር ብሎ ይጮሃል፣ በር ዝጋ ብሎ ይጮሃል፣ ነዳጅህ አለቀ ብሎ ይጮሃል። ሰው በገዛ መኪናው ይገሠጻል እንዴ? ማደያ ስደርስ ልጁ የነዳጅ ቀዳዳውን ፍለጋ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ «ፋዘር፣ ይቺ መኪና መክደኛ የላትም» አለኝ። ፋዘር! አባትነቴን በባዕድ ቋንቋ። መክደኛው ከፊት ኮፋኖው ሥር ነው አልኩት፤ ከፍቶ ሲያይ ሞተሩ ተሰርቋል ብሎ ደነገጠ። ክፍያው ደግሞ ከ2015 ወዲህ በስልክ ነው። ብሩን በእጄ ይዤ፣ የሚሸጠው ሰው ከፊቴ ቆሞ፣ ብሩን አይቀበለኝም! በሌላ በኩል፣ ሻጩ በልብሱ ውስጥ ብር መደበቅ ስለቀረበት መልሱ እስከ ሳንቲሙ ይመጣል። ይህም ቢሆን ድሮ መልስ ሲጎድል የምናደርገው ጨዋታ ቀርቷል።

መካኒኩስ? ደባርቅ ላይ ጎበዝ ነው የተባለ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። አንድ ሣጥን ይዞ መጣ፣ ገመድ ጎተተ፣ ከመሪው ሥር አጎንብሶ ሲደባብስ ቆየና «ኮምፒውተሩ የሚሰካው የት ነው?» አለኝ። ልጄ፣ ይቺ መኪና ስትሠራ ኮምፒውተር አዳራሽ ያክል ነበር! የድሮ መካኒክ ጆሮውን ኮፋኖው ላይ ጣል አድርጎ «ካንዴላ ነው» ወይም «ዲናሞ ነው» ይልሃል። ካልሆነም ሌላ ስም ይጠራል፤ ካንቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ዝርዝሩ እስኪያልቅ። ሞተር ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ሦስት ቡሎን ይተርፈዋል፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ታማኝነት ማለት ይህ ነው! የዛሬው ልጅ ሁሉንም መልሶ ገጠመው። ምን እንዳጎደለብኝ በምን አውቃለሁ?

ዕቃዋም ጠፍቷል። በሐምሌ 1995 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ በተባለች ከተማ የመጨረሻዋን ቮልስ አውጥተው እሷን መሥራት አቆሙ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ብቻ ሠርተው ደከመን አሉ። ጽናት የሌለው ትውልድ በየአገሩ ነው። እንግዲህ ከ21 ሚሊዮን በላይ ብቻ ስለሆነች ነው ብርቅ የምላት፤ እንደልብ አትገኝም። ደግሞ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለበት። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ቀረጡ ይብሳል ማለት ነው። ነገ ወደ ሽማግሌው የማይዞሩበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔን በዚህ ሒሳብ ቢቀርጡኝ ባለቤቴ አታስወጣኝም።

በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም ተባለ። ኤሌክትሪክ ብቻ። ሰምቼ በጣም ተቆጣሁ፤ ወዲያውም የቮልሴ ዋጋ እንደሚጨምር አሰብኩና ቁጣዬን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት። ቁጣው የተመለሰው ጎረቤት ቤት የመጣ እንግዳ ከቻይና የገባች ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ ሳልሰማት ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ዘልዬ አጥር ላይ ወጣሁ፣ በዚህ ጉልበቴ። ስሟን ብጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ቮልስዋገን! አይዲ ፎር ነው የምትባለው። የእኔዋ ያን ሰዓት ሸራ ለብሳ ባትሰማ ይሻላት ነበር። «ለመሙላት ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?» አልኩት ሰውዬውን። ሰዓታት ነው አለኝ፤ ያውም መብራት ካለ። ሳቅሁበት። ሰው ለመኪናው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? የእኔዋ ውኃ አታውቅ፣ ራዲያተር የላት፤ በደባርቅ ውርጭ የሚረጋ ነገር ውስጧ የለም። ጠዋት ካንዴላዎቿን ነቅዬ በምድጃው ዳር አሞቃቸዋለሁ፣ ስድስት ቮልት ባትሪዋን አልጋዬ ሥር አሳድራታለሁ፣ ፀሐይ ወጥታ ሸራው ላይ ያለው ውርጭ እስኪቀልጥ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ከዚያ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ወደ ቁልቁለቱ ይገፏታል፣ እንቢ ካለች የወንድሜ ልጅ በባጃጁ ይጎትታታል፣ ምሳ ሳይደርስ ተነሥታለች። መጠበቅ የሚባል ነገር የለም።

ባጃጅን በተመለከተ ያለኝን ሐሳብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መንገዱን ያበላሸው ባጃጅ ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር እግዜርም አልፈጠረ።

ወደ ሊማሊሞም ወርጃለሁ። አትደንግጡ፣ ተመልሻለሁ። ያን መንገድ ጣሊያን በገደሉ ወገብ ላይ ጠርቦ ሲያወጣው እንደሚባረርበት አላወቀም፤ እዚሁ አፋፉ ላይ፣ ወልክፊት፣ በመስከረም 1934 እጁን ሰጥቶ ወጣ። መንገዱ ቀረልን። ከደባርቅ ውርጭ ተነሥተህ፣ ጋቢህን እየጣልክ፣ ሹራብህን እያወለቅህ፣ ከሺህ ሜትር በላይ ወርደህ ዛሪማ ቆላ ላይ በሸሚዝ ትደርሳለህ። የድሮ ሾፌር ይህን መንገድ ሲወርድ ማየት ነበር! ኤንትሬው እስከ አፉ ተጭኖ፣ ረዳቱ ከኋላ ታኮ ይዞ ሮጦ፣ በየኩርባው ሰው ወርዶ ጸልዮ። ገደል የሚገባም አልጠፋ፤ ያኔ ግን መኪና ገደል ሲገባ እንኳ በዝግታ፣ አስቦበት ነበር የሚገባው፤ ሾፌሩ ለመሰነባበት ጊዜ ያገኝ ነበር። የዛሬዎቹ በየኩርባው ፍሬን! ፍሬን! የኋላ መብራታቸው ቀልቶ ነው የሚውለው። ነጂ በማርሽ ይወርዳል እንጂ በፍሬን አይወርድም። ፍሬን የሰነፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የሚያንገበግበኝ ያው የመጀመሪያው ነገር ነው። ይቺን መኪና የገዛሁት ለብቻዬ ላያት ነው? ከዳባት አብሮኝ ያደገ አንድ ባልንጀራ አለኝ። ሐኪሙ ሲመጣ አብረን እየሮጥን አቧራውን ጠጥተናል፤ «እኔ ነኝ የምገዛት»፣ «እኔ ነኝ» እየተባባልን ተደባድበናል። እሱ ቀድሞኝ ብስክሌት ሲገዛ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ። እኔ የቆርቆሮ ቤት ስሠራ እሱ ለበዓል መጥቶ ጣሪያውን ላለማየት ሲል አቀርቅሮ በልቶ ሄዷል። ያ ነው ወዳጅነት። አሁን ባሕር ዳር ልጁ ቤት ነው ያለው። ደወልኩለት። «ገዛኋት» አልኩት። ዝም አለ፤ ልቤ በደስታ መታ። ይኸው ሊመጣ ነው አልኩ፣ የስድሳ ዓመት ቅናት በአንድ ጊዜ ሊፈስልኝ ነው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ ይገባሃል» አለኝ። በድምፁ አወቅሁት፤ ከልቡ ነው! ከልቡ! ስልኩን ዘግቼ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ሰውን ይህን ያህል የሚያበላሸው ምን ዓይነት ዘመን ነው?

ቢቸግረኝ ወደ ጫካው ሄድኩ። የስሜን ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ ወረቀቱን ጨርሼ፣ አንድ ስካውት ከጎኔ፣ የወንድሜን ልጅ ከኋላ አስቀምጬ ወደ ቡይት ራስ ወጣን። ስካውቱ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ዳዊቱን ሲደግም ነው የቆየው። ስሜን በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ውስጥ የተጻፈ አገር ነው፤ ያኔ ፈረንጁ በበቅሎ እየተፈተገ ነበር የሚያየው፣ ዛሬ በላንድክሩዘር ተኝቶ ያልፈዋል። ቡይት ራስ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣሩን እየነጩ ሜዳውን ሞልተውታል። ላንድክሩዘሩ ሁሉ ሲያልፍ ዞር አይሉም። እኔ ግን ሞተሩን አንድ ጊዜ አስጮህኩላቸው። አንድ ትልቅ ወንድ፣ ጎፈሩ ትከሻውን የሸፈነ፣ ብድግ አለ። መኪናዋን ከፓራውልቷ እስከ ማርሚታዋ አያት። ከዚያ የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ድረስ ገልብጦ፣ ድዱንና ጥርሱን ሁሉ አወጣብኝ!

ስካውቱ «ተቆጥቶ ነው፣ እያስፈራራዎት ነው» ይላል። ምን ያውቃል፣ ልጅ ነው። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ። የቆርቆሮ ቤት የሠራሁ ጊዜ የዳባት ሰው ሁሉ ያን ፊት ነበር የሚያሳየኝ። እንባዬ መጣ። አንድ እንኳ የቀናብኝ ተገኘ!

የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ አወጣው። በዚህ ነገር ያለኝን አቋም ታውቃላችሁ፤ የቤት ገመናን አደባባይ የሚያሰጣ፣ ሥራ ፈት የሚያደርግ ነገር ነው። ማታ ማታ ስንት ሰው እንዳየው እንዲነግረኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምቀሰቅሰው። ብዙ ሰው አይቶታል፤ የሚጽፉት ግን ስለ ጭላዳው ነው። «ጎፈሩ ሲያምር!» «ንጉሥ እኮ ነው!» ስለ መኪናዋ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም «ፋዘር፣ የፍሬን መብራትህ አይበራም» ይላል። አንተ አለኝ እኮ! የማያውቀኝ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ! የወንድሜን ልጅ ከእንቅልፉ አስነሥቼ መልስ አጻፍኩት፦ «መብራቱ ደኅና ነው፤ የማይሠራው ፍሬኑ ነው።»